በዕዳ ሞተ፤ ሥራው ግን ስልካችሁ ውስጥ ሁለት ቦታ አለ

እስኪ ስልካችሁን ገልበጥ አድርጉና ካሜራውን እዩት። ከሽፋኑ ስር፣ ዓይን የማያየው ቦታ ላይ ደግሞ ቺፑ አለ። አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ሌላው ያሰላል። ዘመድ አይመስሉም አይደል? የሁለቱን የዘር ሐረግ ወደ ኋላ ስንቆጥር ግን የምንደርሰው አንድ ቤት ነው። ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ሬንጅ እየቀባ፣ ፀሐይ ላይ እያሰጣ፣ በአበባ ዘይት እያጠበ ዕድሜውንና ሀብቱን የጨረሰ ሰውዬ ቤት።

ሰውዬው ኒሴፎር ኒዬፕስ ይባላል። የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ ያነሳ ሰው እንደሆነ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እኛ ዛሬ የምናወራችሁ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚረሳው ሌላው ግማሽ ጭምር ነው። ኒዬፕስ ብርሃን ሲነካው ጸባዩን የሚቀይር ነገር ተጠቅሞ ብረት ላይ ቅርጽ አውጥቷል። ዛሬ በናኖሜትር የሚለኩ ነገሮች የሚሠሩበት ዘዴ መነሻው ይሄው ነው።

ወደ ታሪኩ እንግባ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

🔸 የሀብታም ቤት ልጅ

ኒዬፕስ የተወለደው ማርች 7 ቀን 1765 ነው። ቦታው ቡርጎኝ በሚባለው የፈረንሳይ ክፍል፣ ሶን ወንዝ ዳር ያለችው የሻሎን ከተማ ናት። አባቱ የንጉሡ አማካሪ የነበረ ጠበቃ ነው። ቤተሰቡ መሬት አለው፣ ርስት አለው፣ ምንም አልጎደለበትም።

ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጆሴፍ ነበር። አንዤ ከተማ በሚገኝ የካህናት ኮሌጅ ሲማር ግን ኒሴፎር የሚለውን ስም ለራሱ ጨመረ። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ የቅዱስ ኒሴፎር ስም ነው፤ በግሪክኛ ድልን የተሸከመ ማለት ነው። ይህቺን ስም ያዙልን፣ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን።

በዚያው ኮሌጅ አስተማሪም ሆኖ ነበር። ከዚያ በ1789 የፈረንሳይ አብዮት ፈነዳ፤ የድሮው ኑሮ ሁሉ ተገለባበጠ። እሱም በ1792 ውትድርና ገባ፤ ጣሊያንና ሳርዲኒያ ድረስ ዘመተ። ግን ጤናው አልቻለም፣ ታመመና ሠራዊቱን ለቀቀ። ኒስ ከተማ ላይ አኜስ የምትባል ሴት አገባ፤ በ1795 ኢሲዶር የሚባል ልጅ ወለዱ። ለጥቂት ጊዜ የኒስ አውራጃ አስተዳዳሪ ሆኖ ከሠራ በኋላ ሹመቱንም ተወው።

ምን ሊሠራ? ከታላቅ ወንድሙ ከክሎድ ጋር ነገሮችን ሊፈለስፍ።

🔸 ሁለቱ ወንድማማቾች

የኒዬፕስን ሕይወት ያለ ክሎድ መረዳት አይቻልም። ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ አልነበሩም፤ አንድ ኪስ፣ አንድ ሐሳብ ነበሩ። በ1801 ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመልሰው የአባታቸውን ርስት እያስተዳደሩ አንድ ማሽን ሠሩ። ስሙ ፒሬዮሎፎር ይባላል።

ማሽኑ ምን ነበር መሰላችሁ? በውስጡ ነዳጅ እያቃጠለ የሚሠራ ሞተር። መኪና ከመምጣቱ ከሰባና ሰማንያ ዓመት በፊት! ነዳጁ ሊኮፖዲየም የሚባል ዕፅ ደቃቅ ዱቄት ነበር፤ ቆይተው የድንጋይ ከሰልና ሙጫም ሞክረዋል። ሞተሩን ጀልባ ላይ ገጥመው በሶን ወንዝ ላይ ውሃውን እየተቃወመ ሽቅብ እንዲሄድ አደረጉት። በ1807 ናፖሊዮን ራሱ የፈረመበት የ10 ዓመት የባለቤትነት መብት ተሰጣቸው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሀብታም መሆን ነበረባቸው። አልሆነም። ሞተሩ ገበያ አላገኘም፤ 10 ዓመቱም ማለቅ ጀመረ። ክሎድ ገዢ ፍለጋ በ1816 ፓሪስ ሄደ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ። ኒሴፎር ሳን ሉ ደ ቫሬን በምትባል መንደር፣ ለ ግራ በሚባለው የቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ቀረ። ለወንድሙ ብር ይልካል፣ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልካም ዜና ይጠብቃል። ክሎድም ነገሩ ሊሳካ ነው እያለ ይጽፍለታል።

ይህ ተስፋ ምን ያህል እንዳስከፈለው በኋላ እናያለን።

🔸 መሳል የማይችል ሰው ምን ያደርጋል?

በዚያው ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ አዲስ ፋሽን መጥቷል። ሊቶግራፊ ይባላል፤ ድንጋይ ላይ በቅባት ስሎ ወረቀት ላይ ማተም ነው። ኒዬፕስም ሞከረው። ችግሩ እጁ ለሥዕል የተፈጠረ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ያዘው፦ ሰው መሳሉን ትቶ ብርሃን ራሱ ቢስልልንስ?

በዘመኑ ሠዓሊዎች የሚገለገሉበት ካሜራ ኦብስኩራ የሚባል ሳጥን ነበር። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ሌንስ አለው። ውጭ ያለው ነገር ሳጥኑ ውስጥ ተገልብጦ ይታያል። ማየት ይቻላል፣ ማስቀረት ግን አይቻልም። ሳጥኑን ካነሳችሁት ምስሉም ይሄዳል።

በ1816 ኒዬፕስ የብር ክሎራይድ የተቀባ ወረቀት ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። የብር ጨዎች ብርሃን ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። ምስል መጣ! ግን ሁለት ችግር ነበረው። አንደኛ፣ ምስሉ ተገላቢጦሽ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኗል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ወረቀቱን ለማየት ወደ ብርሃን ስታወጡት መጥቆሩን ይቀጥልና ምስሉ ይጠፋል። አስቡት፣ ያነሳችሁትን ፎቶ ባያችሁት ቁጥር እየጠፋ ሲሄድ።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆም ነበር። ኒዬፕስ ግን ጥያቄውን ቀየረው። ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር ነገር መፈለጉን ትቶ፣ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ነገር መፈለግ ጀመረ። ቺፕ የሚሠራበት መንገድ የተጀመረው በዚህች የሐሳብ መታጠፊያ ነው ማለት እንችላለን።

🔸 የይሁዳ ሬንጅ

የፈለገውን ያገኘው ቀራጮች ዘንድ የታወቀ ዕቃ ውስጥ ነው። የይሁዳ ሬንጅ ይሉታል፤ ከጥንት ጀምሮ ሙት ባሕር አካባቢ ይገኝ የነበረ የተፈጥሮ አስፋልት ነው። አዎ፣ መንገድ ላይ የምናውቀው የሬንጅ ዘመድ። ቀራጮች የሚጠቀሙበት አሲድ ስለማይበላው ነው። መዳብ ላይ ይቀቡታል፣ በመርፌ ይጭሩታል፣ አሲድ ሲያፈሱበት የተጫረው ቦታ ብቻ ይበላል።

ሬንጁ ግን ሌላም ጸባይ አለው። ብርሃን ሲያገኘው ይደርቅና ይጠነክራል፤ በዘይት ልታሟሙት ብትሞክሩ እሺ አይልም። ብርሃን ያላገኘው ክፍል ግን በቀላሉ ይታጠባል። ኒዬፕስ እነዚህን ሁለት ጸባዮች አገናኛቸው።

አሠራሩን በቅደም ተከተል እንንገራችሁ፦

▪️ ሬንጁን በላቬንደር አበባ ዘይት አሟሙቶ ሳህን ላይ በስሱ ይቀባዋል።
▪️ የታተመ ሥዕል ያለበትን ወረቀት ዘይት ቀብቶ ብርሃን እንዲያሳልፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ ሳህኑ ላይ አንጥፎ ፀሐይ ላይ ያስቀምጠዋል።
▪️ የሥዕሉ ጥቁር መስመሮች ብርሃን ይከለክላሉ። ከመስመሮቹ ስር ያለው ሬንጅ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል፤ የቀረው ይጠነክራል።
▪️ ሳህኑን ላቬንደር ዘይት በተቀላቀለበት ማሟሚያ ያጥበዋል። ለስላሳው ሬንጅ ይሄድና መስመሮቹ ባሉበት ቦታ ባዶ ብረት ይወጣል።
▪️ አሲድ ያፈስበታል። አሲዱ ባዶውን ብረት ብቻ ይበላል፤ መስመሮቹ ብረቱ ውስጥ ይቀረጻሉ።
▪️ ቀለም ይሞላበትና ወረቀት ላይ ያትመዋል።

ቲሸርት ላይ ሎጎ በስክሪን የሚያትሙ ቤቶችን አይታችሁ ከሆነ ነገሩ አይገርማችሁም። እዚያም ወንፊት የመሰለውን ጨርቅ ብርሃን የሚያጠነክረው ማጣበቂያ ይቀቡታል፣ ጥቁር ንድፍ ያስቀምጡበታል፣ መብራት ያበሩበታል፣ ከዚያ በውሃ ያጥቡታል። ሐሳቡ ያው ነው።

በ1822 ኒዬፕስ የሊቀ ጳጳሱን የፒየስ ሰባተኛን ሥዕል በዚህ መንገድ መስታወት ላይ ገለበጠ፤ መስታወቱ ዛሬ የለም። በ1825 ፈረስ የሚጎትት ሰው የሚያሳይ የድሮ ሥዕል ገልብጦ አሳተመ። ይህቺ ወረቀት ተርፋለች። በ2002 ጨረታ ላይ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ400 ሺህ ዩሮ በላይ ከፍሎ ገዛት። ሠሪዋ ግን በሕይወት ዘመኑ ከሙከራው ሳንቲም አላተረፈም።

ለዘዴው ሄልዮግራፊ የሚል ስም ሰጠው፤ በፀሐይ መጻፍ ማለት ነው።

🔸 መስኮቱ

ቀጥሎ የመጣው ሁላችሁም የምታውቁት ምስል ነው። በ1826 ወይም በ1827 ሬንጅ የተቀባ የቆርቆሮ ቅይጥ ሳህን ካሜራ ኦብስኩራ ውስጥ አስገባና ከለ ግራ ቤቱ የላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ አስቀመጠው። ሳህኑ ቁመቱም ወርዱም ትንሽ ነው፤ 16.2 በ20.2 ሴንቲሜትር። ከዚያ ጠበቀ። ለረጅም ጊዜ የተነገረው 8 ሰዓት ያህል ጠበቀ እየተባለ ነው። በኋላ ዘዴውን ደግመው የሞከሩ ተመራማሪዎች ደግሞ ቀናት ሳይፈጅ አልቀረም ይላሉ።

ምስሉን አጉልታችሁ ብታዩት ግቢው ውስጥ ግራም ቀኝም ያሉት ግድግዳዎች ፀሐይ መቷቸዋል። እንዴት ሊሆን ይችላል? ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን መታ። ፀሐይ ሰማዩን አቋርጣ ስትሄድ ሳህኑ ሁሉንም መዝግቧል። ዛሬ በሕይወት ካሉት በካሜራ የተነሱ ፎቶግራፎች ሁሉ የመጀመሪያው ይሄ ነው።

ግን እውነቱን እንናገር። እንደ ፎቶ ካየነው ደካማ ነው። ይህን ያህል ሰዓት አፍጥጦ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ስለዚህ የሰው ፊት ማንሳት አይቻልም። ሬንጁ በጣም ዘገምተኛ ነው። ኒዬፕስም ይህን ያውቅ ነበር።

🔸 የእንግሊዝ ጉዞ

በ1827 ከእንግሊዝ መጥፎ ወሬ መጣ፤ ክሎድ በጠና ታሟል። ኒዬፕስ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ለንደን አጠገብ ወዳለችው ኪው ተጓዘ። እዚያ ሲደርስ ያገኘው ክሎድ ለዓመታት መልካም ዜና ሲጽፍለት የነበረው ክሎድ አልነበረም። አእምሮው ታውኳል። ያለ ምንም ነዳጅ ለዘላለም የሚዞር ማሽን እሠራለሁ እያለ የቤተሰቡን ሀብት ጨርሶታል። የሞተሩ ሽያጭ ወሬ ሁሉ ባዶ ነበር።

እስኪ በእሱ ቦታ ሁኑ። ዕድሜህ ከ60 አልፏል። ርስትህ በዕዳ ተይዟል። ሁሉን ነገር አምነህ የሰጠኸው ወንድምህ ፊትህ ተኝቶ ያልነበረ ነገር ያወራል። መቆጣት እንኳ አትችልም፤ ታማሚ ነው።

ኪው ውስጥ ግን አንድ ደግ ሰው አገኘ። ፍራንሲስ ባወር ይባላል፤ ዕፅዋትን በመሳል ስሙ የገነነ የሮያል ሶሳይቲ አባል ነው። ባወር ሳህኖቹን ሲያይ ተገረመ፤ ሥራህን ለሮያል ሶሳይቲ አቅርብ አለው። ኒዬፕስ በዲሴምበር 1827 አጭር ማብራሪያ ጻፈ። ግን ዘዴውን አልገለጸም፤ ምስጢሩን መጠበቅ ፈለገ። ሮያል ሶሳይቲም ምስጢሩ ያልተነገረን ነገር አንቀበልም አለ።

ምስጢሩን ለምን እንደያዘ መገመት አያስቸግርም። ሌላ የቀረው ሀብት አልነበረም። ያቺን ከሰጠ ምን ይሸጣል? ካልሰጠ ደግሞ ማን ያምነዋል? ብዙ ወጣት ፈጣሪዎች ዛሬም የሚቸገሩበት ጥያቄ ነው።

ጥቂት ሳህኖቹን፣ የመስኮቱንም ጨምሮ፣ ለባወር ሰጥቶ በ1828 መጀመሪያ ወደ አገሩ ተመለሰ። ክሎድ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ አረፈ።

🔸 ዳጌር

ፓሪስ ውስጥ ሉዊ ዳጌር የሚባል ሰው ነበር። ሠዓሊ ነው፣ ትዕይንት አዘጋጅ ነው፣ ሰው መሳብ ያውቅበታል። እሱም የካሜራ ምስል ማስቀረት ይፈልጋል። ሁለቱ ለጥቂት ዓመታት በጥርጣሬ ሲጻጻፉ ቆይተው ዲሴምበር 14 ቀን 1829 የ10 ዓመት የሽርክና ውል ተፈራረሙ። ኒዬፕስ ምስጢሩን ሁሉ ዘርዝሮ ሰጠው።

ውሉ አራት ዓመት አልሞላም። ጁላይ 5 ቀን 1833 ኒዬፕስ ድንገት አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ በ68 ዓመቱ ሞተ። ሲሞት ዕዳ እንጂ ጥሪት አልነበረውም። የመቃብሩን ወጪ የሸፈነው የሳን ሉ ደ ቫሬን ማዘጋጃ ቤት ነው።

ዳጌር ሥራውን ቀጠለ፤ ሬንጁን ግን ተወው። ወደ ብር ተመልሶ በአዮዲንና በሜርኩሪ ጭስ አዲስ መንገድ አገኘ። ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ነገር ወደ ደቂቃዎች ወረደ። የኒዬፕስ ልጅ ኢሲዶር የአባቱን ቦታ ይዞ ነበር፤ ግን ገንዘብ የለውም፣ አዲሱ ዘዴ በዳጌር ስም ብቻ እንዲጠራ ተስማምቶ ፈረመ።

በ1839 የፈረንሳይ መንግሥት ዘዴውን ገዝቶ ለዓለም ሁሉ በነጻ አወጀ። ዓለም አበደ። ስሙ ዳጌሮታይፕ ተባለ። ለዳጌር በዓመት 6,000 ፍራንክ፣ ለኢሲዶር 4,000 ፍራንክ ጡረታ ተቆረጠ። ለንደን ውስጥ ያ ሽማግሌ ባወር ዝም አላለም፤ ከዚህ በፊት ይህን የሠራ ኒዬፕስ የሚባል ሰው ነበር ብሎ ተከራከረ። ኢሲዶርም በ1841 የአባቱን ድርሻ የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። የሰማቸው ጥቂት ነው።

የመስኮቱ ሳህን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በ1898 ለሕዝብ ከታየ በኋላ ደብዛው ጠፋ። በ1952 ኸልሙት ገርንሻይም የሚባል የታሪክ ተመራማሪ አሳዶ አገኘው። ዛሬ የሚገኘው አሜሪካ፣ ኦስቲን ከተማ ውስጥ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው።

🔸 የተጣለው ሬንጅ ሁለተኛ ሕይወት

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ቀድሞ ሠርቶ ስሙን የተነጠቀ ሰው ታሪክ ብቻ ይሆን ነበር። ግን አላለቀም።

የዳጌር ዘዴ ብዙ አልቆየም፤ በ1850ዎቹ ሌሎች የተሻሉ መንገዶች ተኩትና ቀረ። የኒዬፕስ ሐሳብ ግን በሌላ በር ወጣ። ብርሃን ያጠነክረው፣ ያልጠነከረው ይታጠብ፣ አሲድ የቀረውን ይብላ የሚለው አሠራር ወደ ማተሚያ ቤት ገባ። ዘመዱ አቤል ኒዬፕስ ደ ሳን ቪክቶር በ1850ዎቹ በሬንጅ ብረት ላይ የመቅረጹን ሥራ አሻሻለው። መጽሐፍና ጋዜጣ ላይ ፎቶ ማተም የተቻለው በዚህ መሰል ዘዴ ነው።

ቀስ በቀስ ሬንጁ በሰው ሠራሽ ፖሊመር ተተካ። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪዩሎች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሬንጅ የብዙ ዓይነት ሞለኪዩሎች ድብልቅ ስለሆነ አንዱ ከአንዱ ይለያያል፤ ፖሊመር ግን እንደተፈለገው ይሠራል። በኮዳክ ኩባንያ የሉዊስ ሚንስክ ቡድን የፈጠረው ፖሊቪኒል ሲናሜት ብርሃን ሲያገኘው ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፉና አልታጠብም ይላል። ልክ እንደ ኒዬፕስ ሬንጅ። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ፎቶሬዚስት ይባላል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ጄይ ላትሮፕና ጄምስ ኖል የሚባሉ ሁለት ሰዎች ትራንዚስተር ማሳነስ ፈልገው ነበር። የኮዳክን ፎቶሬዚስት ቀቡ፣ ማይክሮስኮፕን ገልብጠው ትልቁን ንድፍ አሳንሰው አበሩበት፣ አጠቡት፣ በሉት። ለዘዴውም ፎቶሊቶግራፊ የሚል ስም ሰጡት። ልብ በሉ፣ ኒዬፕስም የጀመረው ከሊቶግራፊ ነበር።

የእሱ ዋና ችግር የነበረው ዘገምተኛነት እዚህም ተከተለ። ቺፕ እያነሰ ሲሄድ የሚያገኘው ብርሃንም እያነሰ መጣ፤ ፎቶሬዚስቱ ቶሎ አልሠራ አለ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አይቢኤም ውስጥ ሂሮሺ ኢቶ፣ ግራንት ዊልሰንና ዣን ፍሬሼ ብልሃት አገኙ። ብርሃኑ ጥቂት አሲድ ብቻ ይፈጥራል፤ ከዚያ እያንዳንዱ የአሲድ ሞለኪዩል ብዙ የፖሊመር ክፍሎችን በተራ ይቀይራል። ትንሽ ብርሃን፣ ብዙ ለውጥ። አብዛኛው የዛሬ ፎቶሬዚስት ከኒዬፕስ ሬንጅ የሚለየው ሌላም ነገር አለ፦ የሚታጠበው ብርሃን ያገኘው ክፍል ነው። አሲዱንም በአብዛኛው ፕላዝማ የሚባል ኤሌክትሪክ ያለው ጋዝ ተክቶታል።

አሁን የደረስንበትን ደግሞ ስሙ። አዲሶቹ ማሽኖች የሚጠቀሙበት ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር ነው። በዚህ ብርሃን 13 ናኖሜትር አካባቢ የሚሰፉ መስመሮች ማውጣት ይቻላል፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ግን ወደ 80 ሺህ ናኖሜትር ይጠጋል። ብርሃኑን የሚያመነጩት የቀለጠ የቆርቆሮ ጠብታዎችን በሰከንድ 50 ሺህ ጊዜ ያህል በሌዘር እየመቱ ነው። የኒዬፕስ የመስኮት ሳህንም በአብዛኛው ቆርቆሮ እንደነበር አስታውሱ። አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ ይላል።

ቺፕ ብቻም አይደለም። በ2001 ጃፓን ኦሳካ ውስጥ ተመራማሪዎች ፈሳሽ ሙጫ ውስጥ ሌዘር አነጣጥረው፣ ጨረሩ የተሰበሰበበትን ነጥብ ብቻ እያጠነከሩ፣ ርዝመቱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ በሬ ቀረጹ። ቀንድ አለው፣ ጅራት አለው፣ ርዝመቱ ከአንድ ቀይ የደም ሴል ብዙም አይበልጥም። ሲጨርሱ ያልጠነከረውን ሙጫ አጠቡት። እዚያም ያው ነው፤ ብርሃን ያጠነክራል፣ የቀረው ይታጠባል።

🔸 ድልን የተሸከመ

እንግዲህ ያቺን ስም አምጧት። ኒሴፎር፣ ድልን የተሸከመ። በሕይወቱ ሳለ ያየው ድል የለም። ሞተሩ አልተሸጠም፣ ወንድሙን አጣ፣ ርስቱ በዕዳ ተያዘ፣ ፎቶግራፉ በሌላ ሰው ስም ወጣ። ለፎቶ ዘገምተኛ ነው ተብሎ የተተወው ሬንጅ ግን ያስተማረው ትምህርት ቢሊዮን ትራንዚስተሮች የተደረደሩበት ቺፕ ውስጥ ገብቷል። ካሜራችሁ ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ራሱ የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ፎቶ ፍለጋ የጀመረው ነገር ዞሮ ዞሮ ፎቶ የሚያነሳውን ዕቃ መሥሪያ ሆነ።

ለ ግራ ያለው ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ ጎብኚ ይቀበላል። እናንተም ቀጥላችሁ ፎቶ ስታነሱ፣ ከሰከንድ ክፍልፋይ በታች ያለቀችው ነገር በእሱ ጊዜ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ መጠበቅ እንደነበረች አስቡ።

እኛን የመሰጠን ምስጢሩን ለሮያል ሶሳይቲ አልሰጥም ያለበት ቀን ነው። እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር ወይስ ትደብቁ? እስኪ ጻፉልን፣ እናነባለን።